ጅማ ላይ የላብራቶሪ (ላብ) ሥራና ደመወዝ፦ የከተማው ክሊኒክ ይሻለኛል ወይስ የገጠሩ ጤና ጣቢያ?

ዜሮ_ዓመት · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ተወልጄ ጅማ የተማርኩ ነኝ። ሜዲካል ላብራቶሪ፣ ዲግሪ። የሙያ ፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያው አልፌ ላይሰንሴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔም ቤት ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ወር ሆነን፣ እኔና ላይሰንሴ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት ማስታወቂያ «የሥራ ልምድ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ነው የሚለው። ሁለት ዓመቱን ከየት እንደማመጣው ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።

አሁን ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንደኛው መርካቶ አካባቢ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። 7,500 ብር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ እሁድ በተራ። ከእናቴ ቤት በእግሬ ነው የምሄደው። ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ያለ ወረዳ ነው፣ ለጤና ጣቢያ 0 ዓመት ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ደመወዝ በመንግሥት ስኬል 11,500። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሞተር ነው የሚገባው። እናቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን» ብላ ከወዲሁ ማልቀስ ጀምራለች።

ሌላው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔን እያየም የግል ኮሌጅ ገብቼ ደረጃ 4 (ከዲግሪ በታች ያለውን) ላብራቶሪ ልማር ይላል። ቤተሰብ የዘንድሮውን ቡና ሸጦ ሊከፍልለት ነው። ምን ልበላቸው? እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

አባ_ስላይድ · ማክሰኞ ማታ 3፡15

ልጄ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ዘጠኝ ወር ተቀምጦ ሁለት በር አንዴ የተከፈተለት ሰው ብዙ አላየሁም።

እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ 22 ዓመት አለፈኝ። በዲፕሎማ ገባሁ፣ ማታ ማታ ተምሬ ዲግሪ ያዝኩ፣ አሁንም ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ነው የምውለው። በእኛ ጊዜ ተመርቀሽ እጣ ታወጫለሽ፣ የደረሰሽ ቦታ ትሄጃለሽ፣ አለቀ። ሥራ መፈለግ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ስለዚህ «በእኛ ጊዜ» እያለ የሚመክርሽን ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ግማሹን ብቻ ስሚ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ክሊኒኩ ምን ምን ምርመራ ነው የሚሠራው? ማሽን አለው ወይስ ካርድ (ጠብታ ጥለሽ ወዲያው ውጤት የምታነቢበት) ብቻ ነው? ብዙ ትንንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሥራው ዊዳል (የታይፎይድ)፣ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ)፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ የእርግዝና ምርመራ ነው። ሁለት ዓመት ካርድ ላይ ጠብታ ስትጥይ ከርመሽ የልምድ ደብዳቤሽን ይዘሽ ትልቅ ሆስፒታል ብትሄጂ፣ ፈታኙ ደብዳቤውን አያነብም። ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጎ «ምን ይታይሻል?» ነው የሚልሽ። ዲፈረንሻል፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋሳትን በየዓይነታቸው፣ ቁጠሪ ይልሻል። እዚያ ላይ ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ።

ሒሳብ_ሠሪ · ማክሰኞ ማታ 3፡32

11,500 እና 7,500 ብለሽ አታወዳድሪ። እጅ የሚገባውን እንይ።

በ2017 ሐምሌ በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ10,000 እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ነው፣ ተቀናሹ 1,350። የ11,500 30 በመቶ 3,450፣ ከሱ ላይ 1,350 ሲነሳ ግብርሽ 2,100 ነው። ጡረታ 7 በመቶ ደግሞ 805። እጅሽ ላይ 8,595 ይቀራል።

የክሊኒኩ 7,500 ግሮስ (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ) ከሆነ እርከኑ 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 850 ነው። ግብር 1,025፣ ጡረታ 525፣ እጅሽ ላይ 5,950። ኔት (ሁሉም ተቆርጦ እጅሽ የሚገባ) 7,500 ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ ልዩነቱ 1,095 ብር ብቻ ይሆናል። እሱን ደግሞ የቤት ኪራይና የሞተር ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ ግሮስ ነው ወይስ ኔት የሚለው ነው። ሁለተኛው ጡረታ ይከፈልልኛል ወይ የሚለው ነው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ መክፈል አለበት።

የቦዬ_ጉማሬ · ማክሰኞ ማታ 3፡41

የግል ክሊኒክ ባለቤቶች ከታካሚው ይልቅ ከላብ ልጆች ነው ደም የሚቀዱት 😂

በመንግሥትም ብዙ አትጓጊ። እስከ 2017 መጨረሻ የዲግሪ ጀማሪ 6,940 ነበር። ከ2018 መስከረም ጀምሮ ነው 11,500 የሆነው። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ገባ ተባለ። ቤታችን ሁሉ እልል አለ። ከዚያ ገበያ ሄድን። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው ለምን ያን ያህል እንደጮኸ አገር ያወቀው ነው፣ እኔ አልደግመውም።

ሂርማታ_ሰፈር · ማክሰኞ ማታ 3፡44

ፖለቲካ አታምጡብን በአላህ፣ ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

የቦዬ_ጉማሬ · ማክሰኞ ማታ 3፡46

ደመወዝ ፖለቲካ ከሆነ ዳቦም ፖለቲካ ነዋ። እሺ ዝም አልኩ።

የላብ_ባለቤት · ማክሰኞ ማታ 4፡20

ደም ቀጂ የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ጅማ ውስጥ ትንሽ የግል ላብ አለኝ፣ እኔም ራሴ ላብ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተቀጥሬ ሠርቼ ነው የከፈትኩት። ከዚህ ወገን ያለውንም ስሙ።

በ2016 ሐምሌ ዶላሩ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሪኤጀንት፣ የምርመራው ኬሚካል፣ ደግሞ አገር ውስጥ አይበቅልም። የሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) ማሽኔ ክሎዝድ ነው፣ ማለትም የራሱ ኩባንያ ሪኤጀንት ካልሆነ ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ አስመጪው በጠራው ዋጋ ነው የምገዛው፣ ተከራክሬ አላውቅም። አንድ ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ቀን የተቆጠረ ነው። ታካሚ መጣም አልመጣም ይበላሻል። ታካሚው ደግሞ ከኦሞ ናዳ፣ ከዴዶ በመኪና መጥቶ ኪሱን እየዳበሰ ነው ዋጋ የሚጠይቀኝ፣ እሱ ላይ መጨመር አልችልም። ታዲያ ከየት አምጥቼ ነው ለጀማሪ 12 ሺህ የምከፍለው?

ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሰው አጣለሁ። ሲቪ በሽ ነው። ጠዋት ኮንትሮል (ማሽኑ የሚፈተሽበትን ውጤቱ የታወቀ ናሙና) ሳይሠራ የታካሚ ናሙና የማይጀምር ልጅ ግን የለም። ኮንትሮሉ ከልክ ሲወጣበት «ደግሜ ልሥራ» የሚል እንጂ ውጤቱን አስተካክሎ የሚጽፍ አይደለም የምፈልገው። እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ እንዳይሄድብኝ ከኪሴም ቢሆን እጨምራለሁ።

የቦዬ_ጉማሬ · ማክሰኞ ማታ 4፡23

ስንት ትጨምራለህ? ቁጥር ንገረን ጌታው።

የላብ_ባለቤት · ማክሰኞ ማታ 4፡31

እንደ ሰውየው ነው።

የቦዬ_ጉማሬ · ማክሰኞ ማታ 4፡32

😂😂😂

ሠራተኛ_ነኝ · ረቡዕ ጠዋት 1፡50

እህቴ፣ ክሊኒኩን ከመረጥሽ ዓይንሽን ገልጠሽ ግቢ። በግል ድርጅት ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ ወለል አገራችን ውስጥ የለም፣ ስለዚህ 7,500 ብሎ መጥራት ሕግ መጣስ አይደለም። ሌላው ነገር ግን ሕግ አለው። አዋጅ 1156/2011 በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ የለም ይላል። «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ እሁድ በተራ» የሚለው ነገር ደስ አላለኝም። የሳምንት እረፍት ቀንሽ ላይ ከሠራሽ ክፍያው በሰዓት ሁለት እጥፍ ነው፣ የበዓል ቀን ሁለት ተኩል። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ ስድስት ወር በሙከራ የሚያስቀምጥሽ ካለ ሙከራ አይደለም የያዘሽ። የመጀመሪያው ዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀን ነው።

ይህንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፊው አላልኩም፣ በመጀመሪያው ቀን ያባርሩሻል። የጽሑፍ ውል ግን ጠይቂ። እኔ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያለ ውል ሠርቼ ስለቅ፣ ያለ ጡረታ የተቀጠርኩ ስለነበር ልምዴን ከደመወዝ ፔሮል ላይ ማስመስከር አቃተኝ። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለ፣ ግብርና ጡረታ የተቆረጠበት ማስረጃ ግን የለም። የመንግሥት ቀጣሪ ደግሞ የግል ልምድ ሲያይ የግብር ማስረጃ አምጣ ነው የሚለው። የሁለት ዓመት ከስምንት ወር ልምዴ ዜሮ ሆኖ ተቆጠረ።

ዜሮ_ዓመት · ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ይሄንን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የተመረቁ ጓደኞቼ ግማሾቹ ያለ ውል ነው የሚሠሩት። አንዷ እንዲያውም «ልምድ ታገኛለሽ» ተብላ በነጻ ሦስት ወር ሠርታለች።

አባ_ስላይድ፣ ክሊኒኩን ዛሬ ሄጄ አየሁት። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሴንትሪፉጅ፣ የተቀረው ካርድ ነው። ማሽን «በቅርቡ ይመጣል» አሉኝ።

አባ_ስላይድ · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

«በቅርቡ» እንግዲህ እኔም ለፍሪጅ 6 ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው።

ቀይ_መሬት · ረቡዕ ማታ 1፡55

አንቺ የምትፈሪው ቦታ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ጅማ ዞን፣ የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። ሲግናል ያለው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ነው፣ እዚያ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፣ ካፊያም አለ፣ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ይቅር በዪኝ።

ወባ ሲነሳ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወረፋው ከበሩ አልፎ ዛፉ ሥር ይደርሳል። በቀን 60፣ 70 ስላይድ ያየሁበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የወባ ተውሳኩ ቀለበት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት «ኔጋቲቭ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ወፍራሙን ስሚር (ስላይዱ ላይ የተቀባውን ደም) 100 ፊልድ፣ መቶ ቦታ፣ እዪ» ተብለናል። ሰባ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ እናት ልጇ እየተንቀጠቀጠባት፣ ጤና መኮንኑ «አላለቀም ወይ?» እያለ 100 ፊልድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ግን እዚህ ነው የገባኝ። አሁን ሁለቱን የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስን፣ እንደ ጎረቤቶቼ ነው የማውቃቸው። ባለፈው ለሥልጠና ከከተማ የመጡ ልጆች ጋር አንድ ላይ ስንፈተን ማን ቀድሞ እንደጨረሰ አልነግርሽም።

መጥፎው ጎንም አለ። ብቻሽን ነሽ። ሁለት ሰው ይቀጠራል ብለውሻል፣ እኛም ጋ እንደዚያ ነበር፣ ሁለተኛዋ አግብታ ሄደች፣ ቦታዋ እስካሁን ባዶ ነው። ብታመሚ የሚተካሽ የለም። መብራት ሲጠፋ በሶላር እንሠራለን፣ ደመና ከሆነ ደግሞ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ጋ ወስጄ በመስተዋቱ ነው የማየው። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ አንድ ጊዜ አራት ወር ሙሉ ሳይከፈለን ቆየ። ስንጠይቅ «በጀት የለም»፣ ደግመን ስንጠይቅ «ፋይናንስ ጋ ነው»። ሰኔ 30 ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ግማሹ መጣ። ግማሹን እስካሁን እየጠየቅን ነው። ስለዚህ ወርሽን ስታሰይ ዲዩቲን አትቁጠሪ፣ ሲመጣ እንደ እቁብ ነው የሚመጣው።

የእናትሽን ጉዳይ በተመለከተ፣ እኔ ከአዋላጇ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። የእኔም እናት አልቅሳ ነበር። በሁለተኛው ወር ልትጠይቀኝ መጥታ ሰዉ ቡና፣ ማር፣ አቮካዶ ይዞላት ሲመጣ አይታ «አንቺማ ሹመት ነው ያገኘሽው» ብላ ሄደች። አሁን የምታለቅሰው በሌላ ነው፣ አላገባሽም ብላ።

አፋን ኦሮሞ ትችያለሽ አይደል? ፈተናውም፣ ሪፖርቱም፣ ታካሚውም በሱ ነው። ለቲቢ አክታ አምጡ ስትያቸው ከልብ አሳልው እንዲያወጡ በደንብ ካላስረዳሽ ምራቅ ሞልተው ነው የሚመልሱልሽ።

ዜሮ_ዓመት · ረቡዕ ማታ 2፡20

እችላለሁ፣ በአባቴ ኦሮሞ ነኝ፣ ቤትም የምናወራው ሁለቱንም ነው። ቲቲፒ (ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ወርደን የምንሠራበት ልምምድ) የወጣሁት ደግሞ ሰርቦ ነበር። ከሕክምናና ከነርሲንግ ልጆች ጋር አንድ ቤት ተጨናንቀን፣ ቀን ጤና ጣቢያ ማታ ሪፖርት። ያኔ የተጫወትነው ጨዋታ እስካሁን ያስቀኛል። ግን እሱ ሳምንታት ነው፣ ጓደኞችም ነበሩኝ።

አባ_ስላይድ · ረቡዕ ማታ 2፡31

ጅማ የተማራችሁ ልጆች ትልቁ ትርፋችሁ እሱ ነው። ሌላ ቦታ ተምሮ ጤና ጣቢያ በር ረግጦ የማያውቅ ተመራቂ መጥቶብኝ ያውቃል። ሰርቦ ላይ ያሠራችሁ የላብ ሰው ስልክ ካለሽ ደውይ። ፈተናው ላይ ምን እንደሚያወጡ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሐርጌሳ_ደርሶ_መልስ · ረቡዕ ማታ 3፡05

ማንም ስለ ውጭ አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። ከጅማ ተነስቼ በጅግጅጋ አድርጌ ሐርጌሳ ገባሁ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር የግል ሆስፒታል ውስጥ ሠራሁ። ደመወዝ በዶላር ነበር፣ ለቤት ልኬያለሁ፣ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ቀይሬያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን የሌሊት ተረኛ ላብ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ድንገተኛ ሲመጣ ደም ግሩፕና ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ጋር መስማማቱን ማየት) እኔ፣ ኬሚስትሪ እኔ፣ ስልክ የማነሳም እኔ። ያ ሁሉ የሚቻለው እጅ ስላለኝ ነው። እጁን ያገኘሁት ደግሞ አጋሮ መስመር ላይ ሦስት ዓመት ስሠራ ነው።

ሳዑዲም ዱባይም ለሚያስብ፦ መጀመሪያ ወረቀትህ በዳታፍሎው ይጣራል፣ ከዚያ ፕሮሜትሪክ ፈተና አለ፣ ከዚያ ፈቃድ። ዳታፍሎው የተማርክበትም የሠራህበትም ቦታ ድረስ ደብዳቤ ልኮ ነው የሚጠይቀው። ከላይ ሠራተኛ_ነኝ እንዳለው ያለ ውል የሠራህበት ክሊኒክ ደብዳቤ ሲመጣለት አይመልስም። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ነው የቀረው። ደላላ «ያለ ልምድ እናስገባለን» ካላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ሩጡ።

ስኒ_ቀማሽ · ረቡዕ ማታ 3፡50

ርዕሱን ላጣምመው፣ ይቅርታ። ላብ ማለት ደምና ሽንት ብቻ ነው ያለው ማነው? ጅማ ነው ያለነው እኮ! እኔ በግብርና ተመርቄ ቡና ነው የምቀምሰው። እኛም ላብ አለን፣ እኛም ናሙና ኮድ ይሰጠዋል፣ እኛም ሚዛን ላይ እንጨቃጨቃለን። 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አራት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሽፋኑን በማንኪያ ትሰብሪያለሽ፣ ከዚያ ፉት እያሉ መቅመስ ነው። ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ ያመጣ ስፔሻሊቲ ይባላል። ሰሞኑን ለቀማው ስለደረሰ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት አካባቢ ምላሴ እረፍት የለውም። ከዚያ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። ኮንትራት የሆነው ሁሉ ቤቱ ይገባል።

ለላኪ ድርጅት ብትቀጠር ጥሩ ይከፈላል፣ ግን ወንበሩ ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ናቸው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ልጆች ደግሞ በደሌ ቢራ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላብ፣ መልኮ የግብርና ምርምር፣ የውኃ አገልግሎት፣ እዚያ እዚያ ሲሞክሩ አያለሁ። ለሜዲካል ላብ ልጅ ግን ላይሰንሱ እዚህ ምንም አይሠራለትም። ወንድሟ ገና ስላልጀመረ ግን ቢያስብበት ብዬ ነው።

ሂርማታ_ሰፈር · ረቡዕ ማታ 3፡58

ቡና ጠጥቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው ዛሬ አየሁ ማሻአላህ

ስኒ_ቀማሽ · ረቡዕ ማታ 4፡01

አንውጠውም፣ እንተፋዋለን። በቀን ከ60 ስኒ በላይ ውጠህ ሞክረው እስቲ።

አባ_ስላይድ · ሐሙስ ማታ 2፡10

ስለ ወንድምሽ ማንም በደንብ አልመለሰልሽም፣ እኔ ልሞክር። እኔ ራሴ የዲፕሎማ ልጅ ስለሆንኩ ደረጃ 4ን አልንቅም። ከዲግሪ ልጅ የበለጠ እጅ ያላቸው ቴክኒሽያኖች አውቃለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። አንቺ ዲግሪ ይዘሽ በ7,500 ክሊኒክ ልትገቢ እያሰብሽ ነው፣ አይደል? እሱ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሲጨርስ የሚፈልገው ወንበር ያው አንቺ ልትቀመጪበት ያሰብሽው ነው። ክሊኒኩ ርካሹን ይመርጣል፣ ስለዚህ እሱን ሊቀጥረው ይችላል፣ ግን በስንት? መንግሥት ጋ ደግሞ የዲግሪ ሰው በሽ ከሆነ ማስታወቂያው «ዲግሪ» ብሎ ይወጣል።

እማራለሁ ካለ ግን ቡናው ከመሸጡ በፊት ኮሌጁ ድረስ ሂዱ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለዚያ ሙያ፣ ለዚያ ደረጃ፣ ለዚያ ካምፓስ መሆኑን እዩ። ነርሲንግ ላይ ፈቃድ ኖሮት ላብራቶሪ ላይ የሌለው ኮሌጅ ሊኖር ይችላል። ከዚያ «ማይክሮስኮፕ ስንት ነው?» በሉ፣ ገብታችሁ ቁጠሩ። ለአርባ ተማሪ ሦስት ማይክሮስኮፕ ካለ ልጁ የሚማረው የሌላ ሰው ጀርባ ነው። ከዚህ በፊት ከተመረቁት ተማሪዎቻቸው ሲኦሲን (የብቃት ምዘናውን) ስንቱ እንዳለፉ ጠይቁ። ሲኦሲ ካላለፈ ላይሰንስ የለም፣ ላይሰንስ ከሌለ ያ ሁሉ የቡና ብር ጋውን ነው የገዛው።

ፋይቭ_ፓርት · ሐሙስ ማታ 2፡35

እኔ ደግሞ ሙያው ራሱ ያሳስበኛል። አሁን ትልልቅ ቦታ ሲቢሲው በማሽን፣ ኬሚስትሪው በማሽን፣ ቲቢው በጂን ኤክስፐርት ማሽን፣ ወባው በአርዲቲ (ፈጣን የካርድ ምርመራ) ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የላብ ሰው ቁልፍ ተጫኝ ነው የሚሆነው። ቁልፍ ለመጫን ማን ደመወዝ ይጨምራል?

ቀይ_መሬት · ሐሙስ ማታ 3፡10

አርዲቲ ብለህ አታስቀኝ። የወባ ተውሳኩ ኪቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያወጣበት ጊዜ አለ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝቷል፣ ካርዱ ኔጋቲቭ ይላል ልጁ ግን በትኩሳት እየነደደ ነው። ስላይድ ሠርቼ ፋልሲፓረም ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቁልፍ የሚጫን ሰው ይሄንን አያገኝም።

አባ_ስላይድ · ሐሙስ ማታ 3፡18

ማሽኑ ፍላግ ሲያወጣ፣ «ይህ ውጤት ያጠራጥራል» ሲል፣ ስሚር የሚሠራው ማነው? ማሽኑ ራሱ ነው?

ይልቅ ማሽን ባለበት ቦታ የሚፈለገው ሰው ተቀይሯል። ኮንትሮል ማንበብ፣ ሰነድ መያዝ፣ የውጭ ጥራት ምዘና ናሙና ሲመጣ ሳይደናገጡ መሥራት፣ አይኤስኦ 15189 (የሕክምና ላብራቶሪ የጥራት ደረጃ) ሲባል ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ። እዚህ ላይ የገባ ልጅ ኳሊቲ ኦፊሰር ይሆናል፣ ፕሮጀክት ይወስደዋል። ማስተርስ ያለው ደግሞ፣ ማይክሮባዮሎጂም ሆነ ሄማቶሎጂ፣ ማስተማርም ምርምርም ይከፈትለታል። እዚሁ ጅማ የቲቢ ካልቸር የሚሠራ ላብ አለ፣ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ከሰማይ አልወረዱም።

ፋይቭ_ፓርት · ሐሙስ ማታ 3፡25

እሺ ጋሼ፣ ፍላጉን አመንኩ። ደመወዙ ላይ ግን አልመለሱልኝም።

አባ_ስላይድ · ሐሙስ ማታ 3፡27

እሱን እኔም 22 ዓመት ሙሉ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የላብ_ባለቤት · ዓርብ ጠዋት 3፡00

ዜሮ_ዓመት፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለራሴ የሚጠቅም ባይሆንም። ገጠሩ ይሻልሻል። ሁለት ዓመት ወባ አይተሽ ነይና እኔ ጋ አመልክቺ። ያኔ ስለ ቁጥሩ እናወራለን፣ ጉማሬው በሌለበት። ሌላው፣ የትም ግቢ የት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳትጀምሪ ደም አትንኪ። ሦስት ዙር ነው፣ ዛሬ፣ በወሩ፣ በስድስተኛው ወር። ትምህርት ቤት ተከትበሽ ካልሆነ አሁኑኑ ጀምሪ። መርፌ ከወጋሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትደብቂ፣ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሠራም። እኔ ጀማሪ ሆኜ አለቃዬን ፈርቼ ሁለት ቀን ደብቄ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ቀን የረዘመብኝ የለም።

ዜሮ_ዓመት · ከ12 ቀን በኋላ፣ እሁድ ማታ 1፡30

ሰላም፣ መጣሁ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ ስትጠይቁኝ ነበር።

ክሊኒኩን «ግሮስ ነው ወይስ ኔት?» አልኩት። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። ጡረታስ ስለው «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ጡረታ ለምንሽ ነው?» አለኝ 😂 ውል የሚለውን ቃል ሳነሳማ ሌላ ታካሚ ትዝ አለውና ተነስቶ ሄደ።

ወረዳው ፈተና ጠራን፣ ለሁለት ቦታ 31 ሰው ነበርን። ዲግሪ ያላቸው ሦስት ልጆች ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል። የጽሑፉ ላይ ተጨንቄ ነበር፣ የተግባሩ ግን አባ_ስላይድ እንዳሉት ሆነ፣ ስላይድ አድርገው «ምን ይታይሻል?» አሉኝ። ከሰርቦው ሰውዬ ጋር ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር ነው የወጣው። ቫይቫክስ ነበር። ሁለተኛ ወጣሁ። ደብዳቤው ዓርብ ደረሰኝ፣ ደረጃውና እርከኑ ተጽፎበታል፣ 11,500 ነው።

እናቴ አሁንም ታለቅሳለች ግን ፍራሽ ገዝታልኛለች። ወንድሜ ኮሌጁ ሄዶ ማይክሮስኮፕ ቆጥሮ መጣ፣ አራት ናቸው፣ አንዱ ሌንስ የለውም። ቡናው እስካሁን አልተሸጠም።

ነገ ጠዋት ነው የምሄደው። ከመናኸሪያ ስንት ሰዓት ላይ ነው መኪና የሚገኘው? በዚያ መስመር ሄጄ አላውቅም።

ቀይ_መሬት · እሁድ ማታ 1፡52

እልልልል! 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሺ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚነሳው፣ የሚቀጥለውን እስኪሞላ ጠብቂ ብትባይ ረፋድ ይሆንብሻል። ቦቲ ያዢ፣ ስኒከር አይሆንም። የላይሰንስሽን ኮፒ ሦስት፣ የዲግሪሽን ሦስት፣ ጉርድ ፎቶ አራት። እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት የለም።

የላብ_ባለቤት · እሁድ ማታ 2፡05

ክትባቱስ?

ዜሮ_ዓመት · እሁድ ማታ 2፡06

የመጀመሪያውን ሐሙስ ወሰድኩ። ክንዴ እስካሁን ያመኛል።